የፋሲል እባብ ለምን አልበላም አለ?

በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ፥ ማለት በፈረንጆች አቈጣጠር በኖቬምበር 1770፥ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ግሽ ደርሶ ነበር። ስለ ጕዞው ብዙ ሰዎች ስለ ጻፉበት እዚህ መድገም አያስፈልግም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ፥ ብሩስ በ1790 በኤዲንብራ ባሳተማቸው አምስት መጻሕፍት ውስጥ አንባቢ ሁሉ ፈገግ ብሎ የሚያልፈው አንድ አጭር ነገር ነው።

እንደ ብሩስ አነጋገር፥ የዚያ አገር አገዎች እባብ ያለምዱ ነበር። መጪውን ነገር ለማወቅ ሲፈልጉ እባቡን አውጥተው ወተትና ቅቤ ያቀርቡለታል፤ ከቀመሰ ደግ ነው፥ እንቢ ካለ ግን ክፉ ነገር ቀርቧል ማለት ነው። ጠላት አገሩን ሊወር ሲነሣ እባቦቹ ከያሉበት ይሰወራሉ ይባል ነበር። የአገሩ ገዥ ፋሲልም በዚህ ነገር እጅግ ያምኑ ስለ ነበር፥ በእጃቸው የሚጠበቀው እባብ ምግብ እንቢ ካለ በፈረስ አይቀመጡም፥ ከቤታቸውም አይወጡም ነበር ተብሎ ይነገራል ይላል።

ፋሲል ማለት የዳሞትና የአገው ገዥ የነበሩት፥ በፈረንጆች 1769 ዓመት በፋግታ ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ተዋግተው ድል የሆኑት፥ ከዚያም በኋላ ቢሆን ለጐንደር ቤተ መንግሥት ጭንቀት ሆነው የኖሩት መስፍን ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሠራዊቱን የሚያንቀሳቅሰው የአንድ እንስሳ የምግብ ፍላጎት እየታየ ከሆነ፥ ነገሩ ለታሪክ ተማሪ ተራ ወሬ አይደለም። ሌሎች ይህን ቃል አጉል እምነት ብለው ይተዉት ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው ስለ እምነቱ ሳይሆን ስለ እባቡ ይመስለኛል፤ ይኸውም እባቡ የበላው መቼ ነው? ያልበላውስ ለምንድን ነው?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ የራሴ ጥፋት ነው። የተወለድሁት በደብረ ኤልያስ ነው። አገሩ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከደጋው ወርዶ ወደ ዓባይ ዳር የሄደ ሰው ግን ሌላ አገር፥ ሌላም አውሬ ያገኛል። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ከቆላ የመጣ ዘመዳችን አንድ ክንድ የሚያህል የዘንዶ ልጅ በአሮጌ አገልግል አምጥቶ ሰጠኝ። እናቴ እንዳታየው ከጎተራው ሥር በገንቦ ደበቅሁትና ጧት ማታ ወተት አጠጣው ጀመር። ሲጠጣ ባየሁ ጊዜ የጠገበ መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዐይኑ ነጣ፤ ወተቱንም አልነካም አለ። ቈዳው እንደ አሮጌ ስልቻ ተጨማደደ፤ ሲያወልቀውም በአንድነት አልወጣለትም፥ እዚህም እዚያም ተቈራርጦ ቀረበት። ከዚያ ብዙ አልቈየም። ነገሩን በኋላ የሰሙት አጎቴ፣

«አንተ ልጅ፥ ወተት የጠገበ እባብ እንዴት ይሞታል?» አሉኝ።

ለአጎቴ መልስ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በኮሌጅ ለትምህርት የተቀመጠ አንድ ያላደገ የአሸዋ ዘንዶ እንድጠብቅ በተሰጠኝ ጊዜ ነው። የአሸዋ ዘንዶ በአገራችን ቆላዎች የሚገኝ፥ ካደገም በኋላ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የማያልፍ፥ መርዝ የሌለው፥ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያደባ እባብ ነው። የቦአ ወገን ነው። ብሩስም የአገዎቹን እባብ ከቦአ ወገን ቈጥሮታል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ፈረንጆች ትልቁን እባብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለ ነበር፥ እርሱ ያለው በዓባይ ቆላ የሚኖረውን ግዙፉን ዘንዶ ይመስለኛል። ሁለቱ ወገናቸው ቢለያይም በምግብና በውሃ ጠባያቸው ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃ ያህል ይመሳሰላሉ።

ጥበቃው ሲታይ ቀላል ነው፥ ሲያዙት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሣጥኑ አንድ ወገን 32 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፥ ሌላው ወገን እስከ 25 ይቀዘቅዛል፤ እባቡ የራሱ ሙቀት ስለሌለው እንደ ፍላጎቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። በየሳምንቱ ከራሱ ወገብ የማይወፍር አንድ ትንሽ አይጥ ይሰጠዋል፤ ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ያህል አይነካም፥ ከነኩት ሊያስመልሰው ይችላል። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ከወረደ የዋጠውን መፍጨት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ብርድ የተሰማው እባብ ቀድሞ መብላት ይተዋል።

የውሃው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ይህ የበረሃ እንስሳ ነው፥ ውሃ አያሻውም የሚል ሰው ይሳሳታል። የአሸዋ ዘንዶ ከሚውጠው አይጥ ብዙ ውሃ ያገኛል፤ የአይጥ ሥጋ ከግማሽ በላይ ውሃ ነውና። ቢሆንም ሊገለብጠው በማይችል ከባድና ጠፍጣፋ ዕቃ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ሊቀመጥለት ይገባል። የሚተኛበት አሸዋ ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ ከረጠበ ቈዳው ይቈስላል፥ ሳንባውም ይታመማል። ውሃ ሲያንሰው ምልክቱ ግልጥ ነው፤ ቈዳው ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቶሎ አይዘረጋም፥ ዐይኑ ይጐደጕዳል፥ ነጭና ለስላሳ መሆን የሚገባው ሽንቱ ቢጫና ደረቅ ጠጠር ይሆናል፥ አሮጌውም ቈዳ በአንድ ወጥ መውጣቱ ቀርቶ እየተቈራረጠ ይወልቃል። የደብረ ኤልያሱ ገንቦ ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነበር። እባብ የወተትን ስኳር ለመፍጨት አልተፈጠረም፤ ወተት የሚጠጣው ስለሚጠማው ነው። እኔ ምግብ የሰጠሁት መስሎኝ በረኃብም በጥማትም ገደልሁት። አጎቴ ዛሬ በሕይወት የሉም እንጂ ብነግራቸው እወድ ነበር።

አሁን ወደ ፋሲል እንመለስ። ያላደገ እባብ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ቈዳውን ይቀይራል። ከመቀየሩ በፊት ዐይኑ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ምግብ አይፈልግም። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ እባብ እንኳ ከአምስት ቀን አንዱን እንቢ ማለቱ የተፈጥሮው ነው። ጦርነት ኖረም አልኖረም ገዥው በየወሩ ጥቂት ቀን ከቤት እንዲውሉ ሊገደዱ ነው።

በዚህ ላይ ወራቱን እንመልከት። በአገራችን ዘመቻ የሚጀመረው ክረምት ወጥቶ፥ መስቀል አልፎ፥ ወንዞች ሲጐድሉ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት በጎጃም ደጋ እንዴት ያለ ብርድ እንደ ሆነ ያየ ያውቀዋል። ከቆላ ወጥቶ ደጋ ላይ የሚጠበቅ ዘንዶ ምግብ የሚተወው በዚያው ወቅት ነው። የሠራዊት ግርግር፥ የፈረስ ኮቴ፥ የድንኳን መነቀልና መተከል ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጡን ይደበቃል፤ እባብ የምድርን መንቀጥቀጥ በአካሉ ይሰማልና። ጠላት ሲመጣ እባቦች ይሰወራሉ የሚለው ወሬ ከዚህ የመነጨ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ።

ነገር ግን ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ለእባቡ የሚቀርበው ፈተና አይጥ ወይም ጫጩት ሳይሆን ወተት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በወተት የሚታወቀው የእባቡ ረኃብ አይደለም፥ ጥማቱ ነው። የተጠማ እባብ ወተቱን ይጠጣል፤ ከዋዜማው ውሃ የጠገበ እባብ ግን ዘወር ብሎ ይተኛል። እንግዲህ የፋሲልን እባብ የሚጠብቅ ሎሌ ማታ አንድ ዋንጫ ውሃ አስቀምጦለት እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ ፈረሱ ከነኮርቻው ቆሞ ይውላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ነፍጎት እንደ ሆነ ደግሞ ነጋሪት ይጐሰማል። በአገሬ አነጋገር ሰሙ ወተቱ ነው፥ ወርቁ ውሃው። ሎሌው ይህን ያውቅ እንደ ሆነ ዘመቻ ማዘዝ ይችል ነበር ማለት ነው። ምናልባትም ገዥው ራሳቸው ያውቁት ነበር፤ ብሩስ ብልኅና ተንኰለኛ አድርጎ የገለጣቸው መስፍን፥ መዝመት በማይፈልጉበት ቀን ምክንያት የሚሆን እባብ በቤታቸው ቢያኖሩ አያስደንቅም።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ታይቷል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በሄሮዶቱስ ታሪክ ውስጥ ያነበብሁት አለ። በአቴና ኮረብታ ላይ አንድ ጠባቂ እባብ አለ ይባል ነበር፤ በየወሩም የማር እንጐቻ ይቀርብለታል። በ480 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ፋርሶች ሲመጡ ካህኒቱ እንጐቻው ሳይነካ ቀረ ብላ አስታወቀች፤ ሕዝቡም አምላካቸው ከተማውን ትታ ሄዳለች ብሎ ለመውጣት ተቻኰለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ፕሉታርክ ሲጽፍ፥ ካህናቱን እንዲህ ብለው እንዲያውጁ ያስደረጋቸው ሕዝቡን ወደ መርከብ ለማስገባት የፈለገው ቴሚስቶክልስ ነው ብሏል። እኔ ስለ ፋሲል ሎሌ የጠረጠርሁትን ፕሉታርክ ስለ አቴናው ሹም ጠርጥሮታል።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ብሩስ የፋሲልን ነገር በዐይኔ አየሁ አላለም፤ ይባላል ነው ያለው። ወሬውም የፋሲል ጠላቶች ያወሩት ሊሆን ይችላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የወተቱና የቅቤው ዝርዝር ከባዶ የተፈጠረ አይመስልም፤ እባብን በቤቱ አስቀምጦ የማያውቅ ሰው፥ እባብ ወተት ሲቀርብለት አንድ ቀን ጠጥቶ ሌላ ቀን ሊተው እንደሚችል በምን ያውቃል?

ብሩስ የገዥውን ስም ጽፎ እባቡን ማን ያጠጣው እንደ ነበር ሳይነግረን አልፏል። በሚመጣው ክረምት ወደ ደብረ ኤልያስ ስመለስ፥ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርዱትን ሽማግሌዎች ስለ ለማዳ ዘንዶ የሰሙት እንዳለ ለመጠየቅ አስቤአለሁ። የኮሌጁ የአሸዋ ዘንዶ ባለፈው ሳምንት ዐይኑ ነጥቶ አይጡን ትቶ ነበር፤ ትናንት ቈዳውን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ በአንድ ወጥ አውልቆ አገኘሁት፥ ማታም በላ።