ከመለያ ቁጥር ወደ ትርጉም፦ ኦንቶሎጂ በመገናኛ መረቦች ታሪክ



የመገናኛ መረብ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ይተረካል። እኔ ዛሬ የማነሣው የትርጉምን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አርፓኔት ወደ ቲሲፒ/አይፒ ሲሸጋገር መልስ ያገኘው ጥያቄ መረጃ ከማሽን ወደ ማሽን እንዴት ይድረስ የሚለው ነበር። የደረሰው መረጃ ምን ማለት እንደሆነ ፕሮቶኮሉ አይናገርም፤ እንዲናገርም አልታሰበም።

መረቦቹ ሲሰፉ ግን የሚያስተዳድሯቸው ሰዎች ተቸገሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ኤስኤንኤምፒ የተባለው ፕሮቶኮል፣ ከመሣሪያው የሚነበበው እያንዳንዱ ነገር በዛፍ መልክ በተደራጀ መዝገብ ውስጥ የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረው አደረገ። በአንድ በር የገባው የባይት ብዛትም ሆነ መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያለፈው ጊዜ መለያ አገኘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የመለያው ማብራሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለሰው አንባቢ ነበር፤ ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥሩንና የመረጃውን ዓይነት ብቻ ነው። አንድ መስመር ተቋርጦ መቶ ማስጠንቀቂያ ቢጎርፍ፣ ሁሉም የአንድ ብልሽት ውጤት መሆናቸውን መዝገቡ አይነግረንም። ያን የሚያገናዝበው ልምድ ያካበተ ባለሙያ ነበር።

ኦንቶሎጂ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ስለ ህልውና ከሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ የተወሰደውን ይህን ቃል ቶም ግሩበር እ.ኤ.አ. በ1993 ለኮምፒውተር ሳይንስ ሲፈታው፣ ስለ አንድ መስክ ያለንን እሳቤ በግልጽ መደንገግ የሚል ፍሬ ነገር ሰጠው። «መሣሪያ በር አለው፤ መስመር በር ከበር ያገናኛል፤ አገልግሎት በመስመር ላይ ይመሠረታል» ተብሎ ከተደነገገ፣ ማሽኑ ከማስጠንቀቂያዎቹ ተነሥቶ ወደ መንሥኤው መጓዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቪድ ክላርክና ባልደረቦቹ ኢንተርኔት ስለ ራሱ የሚያውቅበት «የዕውቀት ንጣፍ» እንዲኖረው ሐሳብ አቀረቡ። በማግሥቱ ዓመት የዓለም አቀፍ ድር ጥምረት ኦውል የተባለውን የኦንቶሎጂ ቋንቋ አጸደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የሴንሰርና የጊዜ ኦንቶሎጂዎችን አወጣ።

የጊዜው ኦንቶሎጂ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን መሣሪያው 9 ሰዓት ብሎ ይመዘግባል፤ በዓመተ ምሕረት ቁጥርም እንለያያለን። ሁለት ተቋማት መዝገባቸውን በመረብ ሲያገናኙ፣ ቁጥሩ ሳይዛነፍ ደርሶ ትርጉሙ ሊዛነፍ ይችላል። ይህ ኦንቶሎጂ ከጎርጎርዮሳዊው ውጭ ያሉ አቆጣጠሮች እንዲገለጹ በር ከፍቷል። መግለጫውን መጻፍ ግን አቆጣጠሩን የሚኖርበት ሰው ድርሻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አደራ የምላቸው ይህን ነው፦ መስመር በገንዘብ ይዘረጋል፤ ትርጉም ግን ተቀምጦ መነጋገርንና መስማማትን ይጠይቃል። እኛ ያልደነገግነውን ትርጉም ማሽኑ ሌሎች በደነገጉት ይተካዋል።