የማን መዝገብ? የሒሳብ አያያዝ ሙያ በምዕራብ ጎጃም

ስለ ሒሳብ አያያዝ ትምህርትና ስለ ሙያው የወደፊት ዕድል የሚያቅድ ሁሉ በቅድሚያ ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም የአዴት፣ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ወጣት «መዝገብ» ሲባል በቤተሰቡ ዘንድ ምን ትርጉም ሲሰጠው ሰምቶ አደገ? የሚለው ነው።

በጎጃም ጽፎ መያዝ እንግዳ ነገር አልነበረም። በአያሌ አድባራት የጉልትና የርስት ክፍፍል፣ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ስም በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዕድርም ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው። መምህሩ «የሥራ ክፍፍል» ብሎ በስንት ክፍለ ጊዜ የሚያስረዳውን የቁጥጥር ዘዴ የሰፈር ሽማግሌዎች ያለ መማሪያ መጽሐፍ ይሠሩበታል።

የመንግሥት መዝገብ ግን በገበሬው ዘንድ የሥጋት ምንጭ ነበር። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ዐዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ግብሩን በገቢ መጠን እንዲሆን የሚያደርግ ስለ ነበረ፣ በሐሳብ ደረጃ ሚዛናዊ ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ገቢውን የሚወስነው ገማች ነው፤ ገበሬውም ግምቱን የሚሞግትበት የራሱ መዝገብ አልነበረውም። ከዚህም በላይ ግምቱ የመሬት ልኬት መቅድም ነው፣ ርስታችንን ያሳጣናል ብሎ ስለ ጠረጠረ ጎጃም ዐመፀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ብዙ ሕይወትና ንብረት ጠፋ። በመጨረሻም አገረ ገዥው ተነሥቶ ውዝፉ ግብር ተማረ።

የዘመናዊው ሙያ ጉዞ በሌላ መንገድ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለመሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች ጸሐፊዎችንና ሒሳብ ሠራተኞችን አፈራ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ ሲያዝ፣ አነስተኛ ነጋዴዎችን ግን ከግዴታው ነጻ አደረገ። ነጻነቱ ለጊዜው ቸርነት ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ባለ ሱቁን እንደ ገበሬው ለገማች አጋለጠው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ በብዙ የአገሪቱ ከተሞች የተሰማው እሮሮ ከ1960ው ጋር የተዛመደ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ዐዋጅ ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን በሕግ አስገብቷል። ይህ ለታላላቅ ድርጅቶች የሚሠራውን ባለሙያ ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ ተመራቂዎቻችንም ዓይናቸውን በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ላይ መጣላቸው አያስገርምም። ሆኖም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየጊዜው ሒሳባቸውን ማስመርመር አለባቸው፤ የእህል ነጋዴውና ባለ ወፍጮውም ግብራቸውን የሚከራከሩበት መዝገብ ይሻሉ። ይህ ሥራ ያለው እዚሁ ነው።

አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው ማሠልጠኛ የሒሳብ አያያዝ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መልመጃው በመርከብ ስለ መጣ ሸቀጥና ስለ ጭነት ኪራዩ ነው፤ ሠልጣኞቹ ወደብ አይተው አያውቁም። ፈቃድ ጠይቄ «ከቤታችሁ የዕቁብ ጸሐፊ ያለው ማን ነው?» አልኋቸው። አንዱ ተነሥቶ «አባቴ ናቸው፤ ያልከፈለውን በቀይ ይጽፉታል» አለ። መምህሩ ጠመኔውን ሰጠው። የአባቱን ደብተር እንዳስታወሰው በሰሌዳው ላይ ሲያሰፍር ተሰብሳቢው ሒሳብ ከነባለዕዳው ስም ወጣ። ሚዛኑን ሳይዘጉት ደወል ተደወለ፤ ከመቀመጫው የተነሣ ግን አልነበረም።