48 ወይስ 46? የሰው ክሮሞዞም ቆጠራ ታሪክ



በሰው ልጅ የአካል ሕዋስ ውስጥ ስንት ክሮሞዞም አለ ተብሎ ቢጠየቅ፣ በዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ያለ ማመንታት 46 ብሎ ይመልሳል። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ግን (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እንዲህ የመለሰ ተማሪ እንደ ተሳሳተ ይቆጠር ነበር። በመማሪያ መጻሕፍት የሰፈረው ቁጥር 48 ነበርና። ዛሬ ላወሳ የምሻው ይህ የተሳሳተ ቁጥር ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዴት ሊጸና እንደ ቻለ ነው።

ቁጥሩን ያጸናው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቴዎፊለስ ፔይንተር ነው። ለምርመራው የተጠቀመው በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ከነበሩ ወንዶች የዘር ፍሬ የተወሰደ ናሙና ነበር፤ ይህ ራሱን የቻለ መራራ ታሪክ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን። የዘመኑ ዘዴ ናሙናውን በኬሚካል አድርቆ፣ በሰም ውስጥ አርግቶ፣ በስለት በስሱ ቆርጦ ማቅለም ነበር። ስለቱ አንዱን ሕዋስ ከመካከሉ ሊከፍለው ይችላል። ክሮሞዞሞቹም በጠባቡ ሕዋስ ውስጥ እርስ በርስ ተደራርበው ስለሚታዩ፣ የአንዱ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ አይለይም። ፔይንተር በ1921 ጥርት ብለው በታዩት ሕዋሳት 46 መቁጠሩን ገልጾ ነበር፤ በ1923 ግን 48 ብሎ ደመደመ። እኔ በበኩሌ ፔይንተርን አልወቅሰውም፤ በዚያ ዘዴ ይህን ያህል መቅረቡ ያስደንቃል። የሚከብደው ከእርሱ በኋላ የሆነው ነው።

በ1952 በዚያው በቴክሳስ፣ በጋልቬስተን ከተማ፣ ታኦ ቺው ሹ የተባለ ተመራማሪ በአንድ ቀን የክሮሞዞሞቹ መልክ ተለውጦ፣ እያንዳንዳቸው ተበታትነው አገኛቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ወራት ፈጀበት። ለካ ሕዋሳቱ የታጠቡበት የጨው ውሃ በስሕተት ቀጥኖ ኖሯል። ጨዉ ሲያንስ ውሃ በኦስሞሲስ ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ ሕዋሱ ያብጣል፣ ክሮሞዞሞቹም ይራራቃሉ። ሹ ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጁ ይዞ ቆጠረ፤ ያሳተመውም 48 ብሎ ነው!

ወደ ስዊድን እንሻገር። በሉንድ የዕፅዋት ክሮሞዞም አጥኚው አልበርት ሌቫንና በጃቫ የተወለደው ጆ ሂን ቺዮ የሹን ቀጭን የጨው ውሃ ከኮልቺሲን ጋር አጣመሩት። ኮልቺሲን ከዕፅ የሚገኝ መርዝ ሲሆን፣ የሕዋስ ክፍፍልን ክሮሞዞሞች ጎልተው በሚታዩበት ደረጃ ላይ ያቆመዋል። በስለት መቁረጡንም ትተው ሕዋሳቱን በስላይድና በስስ መስታወት መካከል ጨፈለቋቸው። በታኅሣሥ 1955 አንድ ሌሊት ቺዮ በአጉሊ መነጽሩ ሥር ያገኘው ቁጥር 46 ነበር። ከሽል ሳንባ ባደጉ 261 ሕዋሳት ላይ የተመሠረተው ውጤት በ1956 ታተመ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ከእነርሱ ጥቂት ቀደም ብለው የሽል ጉበት ሕዋሳትን ይመረምሩ የነበሩ ስዊድናውያን ባልደረቦቻቸው ሥራውን አቋርጠውት ነበር። ምክንያቱም 48ቱን አሟልተው ሊያገኙ አልቻሉም፤ ደጋግመው ያዩት 46 ብቻ ነበር። ዐይናቸው ያየውን የዘዴያቸው ጉድለት አድርገው ወሰዱት። በተግባር ትምህርት ጊዜ የእናንተ ቆጠራ ከመመሪያው ሲለይ፣ በደብተራችሁ የመመሪያውን ቁጥር ጽፋችሁ ስትመጡ እነዚህ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። አትፈሩ፣ እኔም በተማሪነቴ አድርጌዋለሁ።

በዚያው በ1956 እንግሊዛዊው ቻርልስ ፎርድና ጆን ሃመርተን ወደ ዘር ፍሬ ሕዋሳት፣ ማለትም ፔይንተር ወደ ጀመረበት ተመልሰው 23 ጥንዶችን ቆጠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ማርት ጎቲዬ ባሳደገቻቸው ሕዋሳት፣ ከዤሮም ለዤንና ከሬይሞን ቱርፓን ጋር፣ ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሕፃናት 47 ክሮሞዞም መኖሩ ታወቀ። መነሻው 48 ሆኖ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ 47 አንድ እንደ ጎደለው ይነበብ ነበር።