የምሥራቅ አዲስ አበባ የተተዉ የድንጋይ ካባዎች

እነዚህ በቦሌ፣ በየካ እና በ2013 ዓ.ም. ከሁለቱ ተቆርሶ በተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ዳርቻዎች የሚገኙ፣ ድንጋያቸው ተፈልጦ ያለቀ ወይም ሥራቸው የቆመ የማዕድን ቦታዎች ናቸው። ከተማዋ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። ባዛልቱና ኢግኒምብራይቱ ለግንብ፣ ለጠጠርና ለኮብልስቶን ሲወጣ ኖሯል፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ፍላጎቱን አንሮታል።

ካባው በሥራ ላይ ሳለ ከኤክስካቫተርና ከክሬሸር ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ይፈስሳል፤ ከፈንጂውም ናይትሬት ይቀራል። የከፋው ብክለት ግን ቁፋሮው ከቆመ በኋላ ይመጣል። ጠባቂ ያጣ ጉድጓድ የሕንፃ ፍራሽ፣ የቤት ቆሻሻና የጋራዥ ዘይት መድፊያ ይሆናል። ውሃን አዘግይቶ የሚያሳልፈው መረሬ አፈር አስቀድሞ ተገፍፏል፤ የታችኛው አለትም ስንጥቅጥቅ ነው። ስለዚህ ዝናብ ያጠበው እድፍ ብዙም ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። የከርሰ ምድሩ ውሃ በአመዛኙ ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ከተማዋ የምትጠጣባቸው የአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች አሉ።

ክረምት ሲገባ የተተዉት ካባዎች ውሃ ያቁራሉ። ለዋና የገቡ ልጆች በየዓመቱ ይሞታሉ፤ የከተማዋ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ወላጆችን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። አንድ አጥር ሊያስቀረው የሚችል ሞት ነው።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ለአካባቢ ተሃድሶ ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ባህላዊ አምራቾች ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። በመዶሻና በዲጅኖ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚያስተካክለው ሳያገኝ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መሬቱ ለግንባታ ሲፈለግ ጉድጓዱን በአፈር ሞልቶ መደልደል ይቀላል። ሆኖም ሳይጠቀጠቅ የተሞላ አፈር ወጣ ገባ ሆኖ ይሰምጣል፤ ግድግዳም ይሰነጠቃል። ከሥሩ የተቀበረ ቆሻሻም ሲበሰብስ ሚቴን ጋዝ ያመነጫል። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ቆሼ የድንጋይ ካባ ባይሆንም፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተናደው ክምር ከ110 በላይ ሰዎች መግደሉ የቆሻሻና የመኖሪያ ቤት ጉርብትና ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል።

መልሶ ማልማት ግን ይቻላል። ሞምባሳ ውስጥ የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ያወጣበት ምድረ በዳ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ዛፍ እየተተከለበት ዛሬ ሃለር ፓርክ ሆኗል።  በእኛ ከተማ ግን የአፈርና የውሃ ናሙና ሳይመረመር እንዲህ ያለ ቦታ ለግንባታ መተላለፍ የለበትም። መሬት በሊዝ የምትወስዱ ሁሉ፣ ከካርታው ጋር ከሥሩ ምን እንደተቀበረ ጠይቁ።