ለማሽን ልዩ ውክልና፦ የኮራል ገንዳ መጋቢን በቤት ስለ መሥራት

ኮራል እንስሳ ነው። ብዙዎች ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላቸዋል። ጠንካራ አጽም ያላቸው የኮራል ዓይነቶች ከባሕር ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ አራጎናይት የተባለ የኖራ ድንጋይ ዓይነት አጽም ይገነባሉ። በቀይ ባሕር ውስጥ ይህን ቢያደርጉ ባሕሩ አይጎድልበትም። 200 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ጉድለቱ በቀናት ውስጥ ይታያል። የጎደለውን የሚተካ ከሌለ ኮራሉ መጀመሪያ እድገቱን ያቆማል፣ ቀጥሎም ይሞታል።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች በዓመት አንዴ ለሦስት ሳምንት ያህል አዲስ አበባ ብቅ ማለቴ አይቀርም። ጎረቤትን በየቀኑ ኬሚካል እየለካህ ጨምርልኝ ማለት ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ማሽን ያስፈልጋል። የሕግ ምሩቅ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ይሁንና ለማሽን ሥራ መስጠት ውክልና መስጠት መሆኑ ይገባኛል። የዚህ ጽሑፍ ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ ለማሽን ልዩ ውክልና እንጂ ጠቅላላ ውክልና አይሰጥም።

ምን ያህል ይጎድላል?

በተፈጥሮ የባሕር ውኃ አንድ ሊትር ውስጥ 420 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዚየም ይገኛል። የካርቦኔቱ ክምችት አልካሊኒቲ በሚባል ልኬት ይለካል። በገንዳ አርቢዎች ዘንድ የሚሠራበት መለኪያ የጀርመን ዲግሪ ነው፤ የባሕር ውኃ 7 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አርቢዎች ከ7 እስከ 9 ባለው መካከል ይይዙታል።

ማሽን ከመግዛት በፊት ፍጆታውን ማወቅ ግድ ነው። ምንም ሳይጨመር በተመሳሳይ ሰዓት መለካት በቂ ነው። ሰኞ 8.7 የነበረው አልካሊኒቲ ሐሙስ 7.0 ቢሆን፣ የቀን ፍጆታው 0.57 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ኮራል 1 ዲግሪ አልካሊኒቲ ሲጠቀም 7 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አብሮ ይጠቀማል። ስለዚህ በምሳሌያችን ካልሲየም በቀን የሚቀንሰው በ4 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከ420 ላይ 4 ቢነሳ ብዙም አይታወቅም፤ ከ8.7 ላይ 0.57 ሲነሳ ግን ይታወቃል። ቶሎ ቶሎ መለካት ያለበት አልካሊኒቲ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለቱ ፈሳሾች

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የታወቀውና በጀርመናዊው ሃንስ ቬርነር ባሊንግ ስም የሚጠራው ዘዴ በቤት ለሚሠራ ሁሉ ምቹ ነው። በአንድ ጠርሙስ 84 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ፣ በውኃ ሟሙቶ 1 ሊትር እንዲሞላ ይደረጋል። በሌላው ጠርሙስ 73.5 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት እንዲሁ 1 ሊትር ይሞላል። ውኃው ማዕድን የሌለው የተጣራ ውኃ መሆን አለበት። በዚህ ልክ ሲዘጋጁ የሁለቱ እኩል መጠን ኮራሉ የወሰደውን ካልሲየምና ካርቦኔት እኩል ይተካል። በ200 ሊትር ገንዳ 71 ሚሊ ሊትር ሶዳ አልካሊኒቲን በ1 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። የእኛ ምሳሌ በቀን 40 ሚሊ ሊትር ከእያንዳንዱ ይፈልጋል።

ሁለቱ ፈሳሾች ገንዳው ውስጥ ሳይበተኑ በቀጥታ ከተገናኙ እንደ ወተት ነጥተው ኖራ ሆነው ይዘቅጣሉ። ስለዚህ በተለያየ ሰዓት፣ ውኃው በኃይል በሚዘዋወርበት ቦታ ይጨመራሉ። ከጊዜ በኋላ የገበታ ጨው ትርፍ ስለሚከማች ውኃውን በየጊዜው በከፊል መቀየር ያስፈልጋል። ባሊንግም ይህን ለማመጣጠን ሶዲየም ክሎራይድ የሌለበት ሦስተኛ የማዕድን ድብልቅ ጨምሮበታል።

ማሽኑ

ልቡ ፐሪስታልቲክ የሚባለው ፓምፕ ነው። የሚሽከረከሩ ትናንሽ ጎማዎች ላስቲክ ቱቦውን እየጨመቁ ፈሳሹን ወደፊት ይገፉታል፤ ፈሳሹ ከቱቦው በቀር ምንም አይነካም። ለእያንዳንዱ ፈሳሽ አንድ ፓምፕ ይያዛል። ቀርፋፋው ይመረጣል፤ በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ እንበል። ለአሥር ደቂቃ አስኪዶ በስሪንጅ መለካት የግድ ነው፤ ቱቦው እየላላ ሲሄድ ልኩ ስለሚለወጥ በየወሩ ይደገማል።

አእምሮው እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ ላይ የተወለደው አርዱዊኖ የተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ሞተር በቀጥታ ማንቀሳቀስ አይችልም። በመካከል ትራንዚስተር፣ ከሞተሩ ጎን ደግሞ የመልስ ፍሰቱን የሚይዝ ዳዮድ ይገባል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ፓምፑን ለ10 ደቂቃ አስኪድ፣ ከዚያ አቁም፣ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ እስኪመለስ ድረስ ዝም በል።

የውክልናው ወሰን

ትራንዚስተር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ነው የሚቀረው፤ ማለትም ፓምፑ አይቆምም። አንድ ሊትር የሶዳ ፈሳሽ በአንድ ሌሊት ቢፈስ አልካሊኒቲው በ14 ዲግሪ ያሻቅባል። በቀን ከ1 ዲግሪ በላይ ከፍ ማድረግ አይመከርም። ማሽን የሌለው ገንዳ ቀስ ብሎ ይራባል፤ ልጓም የሌለው ማሽን ያለው ገንዳ ግን በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰሌዳ ከነፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ በሚሰካ ሜካኒካል ታይመር በኩል ይሁን። ታይመሩ በቀን ሁለት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ብቻ ይከፍታል። ሰሌዳው ቢያብድ ታይመሩ ይቆርጠዋል፤ ታይመሩ ክፍት ሆኖ ቢቀር ሰሌዳው በ10 ደቂቃ ያቆማል። አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ሥልጣን አላቸው። ሰሌዳው ቢበላሽ እንኳ በቀን የሚፈሰው ቢበዛ 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም ከ1 ዲግሪ በታች ነው።

ሦስተኛው ወሰን ጠርሙሱ ነው። ለ21 ቀን ጉዞ የሚያስፈልገው 840 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚያ በላይ አይሞላም። ትርፉ በየቀኑ ቢፈስ ጠርሙሱ በ14ኛው ቀን ባዶ ይሆናል፤ የአልካሊኒቲው ጭማሪም በሁለት ሳምንት ተከፋፍሎ ከ4 ዲግሪ አያልፍም። ጠርሙሱ ከገንዳው ውኃ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ የቱቦው ጫፍ ደግሞ ከውኃው በላይ ይንጠልጠል። ያለበለዚያ ናፍጣ ከበርሜል በጎማ እንደሚቀዳው ሁሉ ፈሳሹ በራሱ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ዕቃው ውኃ ከማይደርስበት ቦታ፣ መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በሚቆርጥ ማቋረጫ ሥር መሆን አለበት።

ተቆጣጣሪው

የተገለጸው ሁሉ ከመብዛት ይጠብቃል እንጂ ከመቆም አይጠብቅም። ለዚህ ሰው ያስፈልጋል። በጠርሙሱ ላይ በየ280 ሚሊ ሊትሩ፣ ማለትም በየሳምንቱ ፍጆታ፣ በብዕር መስመር ይሰመር። ጎረቤት መለካትም መጨመርም አይጠበቅበትም፤ በሳምንት አንዴ ፎቶ አንስቶ ይላክ። ፈሳሹ ከመስመሩ ጋር ካልገጠመ ታይመሩን ይነቅላል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይደውላል።

ማሽኑ ባለቤቱ ቤት እያለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈተን፣ አልካሊኒቲውም በየቀኑ ይለካ። ኮራሎች ባደጉ ቁጥር ፍጆታቸው ስለሚጨምር የአምናው ልክ ለዘንድሮ አይሠራም። ጠንካራ አጽም ያላቸው ኮራሎች ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የገቡ ፍጡራን ናቸው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ቤቱ ያስገባ ሰው ሥራውን ለማሽን ሊወክል ይችላል፤ ኃላፊነቱን ግን አይችልም።