ዜና ቅማንት ዘከርከር ወጭልጋ

የጎንደር ነገሥታት ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ዘመቻቸውም ግብራቸውም በግእዝ ተጽፎ ኖረ። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን፣ በጭልጋ፣ በከርከርና በላይ አርማጭሆ የተቀመጠው የቅማንት ሕዝብ ግን ዜናውን ያቆየው በወምበሩ አፍ ነው። ወምበር ማለት ለዚህ ሕዝብ ዳኛም ካህንም ነበረ።

አባቶች ሲናገሩ፣ አያነር የሚባል ከካም ልጅ ከከነዓን ወገን የሆነ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ በከርከር ሰፈረ፤ ቅማንትም ከእርሱ ተወለደ ይላሉ። ቋንቋ መርማሪዎች ደግሞ የሕዝቡን ቋንቋ፣ ቅማንትነይን፣ ከአገው ቋንቋዎች ይቆጥሩታል። የዋግ ኽምጣኛ፣ የጎጃም አውኛ፣ የከረን ብሌን ወንድሞቹ ናቸው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው ቤተ እስራኤል ይናገሩት የነበረው ቋረኛ ነው። ከዚህም የተነሣ፣ አማርኛ በእነዚህ ደጋዎች ሳይሰፋ አገው ይነገርባቸው እንደ ነበረ እናውቃለን። አያነር ከየትም ይምጣ፣ የልጆቹ ቋንቋ የዚሁ አገር ነው።

የጥንት እምነታቸውን ሕገ ልቡና ይሉታል። እግዚአብሔርን መዝገና ብለው ይጠሩ፣ ቅዳሜን ያከብሩ፣ ጸሎታቸውንም ደገኛ በሚባል፣ መጥረቢያ በማይነካው የዛፍ ጥላ ሥር ያደርሱ ነበር። ሕዝቡም ክበርቲና ይተንቲ ተብሎ በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ ወገን ከሌላው እንጂ ከራሱ አያገባም ነበር።

ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ግንቡ ተገነባ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፣ ገበያው ሞላ። ለዚያ ሁሉ ምድጃ ማገዶ ያስፈልግ ነበርና ቅማንት ከደጋው እንጨት እያወረደ ለከተማይቱ ሸጠ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ይህንኑ አይቶ ጽፏል። ከተማይቱን ያሞቃት ይህ ሕዝብ የተቀበለው ግን ምስጋና አልነበረም፤ ከእንጨት የተፈጠረ ነው የሚል ተረት ወጣለት፤ ለልጅ ልጅም ተላለፈ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ሳይጻፍ ቢቀር ግን ቋንቋው ለምን እንደ ተዳከመ የሚያስረዳ ነገር አይኖርም።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ፍላድ የሚባል ሚስዮናዊ ፈላሻ ይባሉ ስለ ነበሩት ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ ቅማንት መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በ1866 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታተመ። ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነገሡ፤ ቅማንትም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ብዙው ተጠመቀ፤ ሌላው ሕገ ልቡናውን በልቡ ይዞ ቆየ። በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በቋንቋው ላይ መጽሐፍ አወጣ።

በ1956 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት ወደ ከርከር መጥቶ ከወምበር ሙሉነ መርሻ ዘንድ ሥርዐቱን ተማረ። በዚያን ጊዜ ጸሎቱ ገና በቅማንትነይ ይደርስ ነበር፤ ቤቱ ግን አማርኛ መናገር ጀምሮ ነበር። ቋንቋውን ያዳከመው አንድ አዋጅ አይደለም። ዳኝነቱ በአማርኛ፣ ገበያው በአማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ሆነ። በገበያ ቅማንትነይ የተናገረ ሰው ይሳቅበት ነበር፤ አባትም ልጁ እንዳይሳቅበት ብሎ ለሽማግሌ የሚናገረውን ለልጁ አልነገረም። ከሰይፍ ይልቅ ይህ እፍረት ብዙ ቃል ቀበረ ብዬ አምናለሁ።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ነን አሉ፤ ቅማንትነይ አፋችን የፈታበት ነው ያሉት 1,625 ብቻ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መምህር ዘለዓለም ልየው የሽማግሌዎቹን ንግግር ቀርጾ የቋንቋውን ሰዋስው ጻፈ፤ መጽሐፉም በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታተመ። ልጆች ከወላጆቻቸው እንደማይማሩትም መሰከረ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን ቅማንት የሚል ስም ከመዝገቡ ታጣ።

ስማቸው ሲታጣ ሕዝቡ ተነሣ። የአማራ ክልል ምክር ቤት በ2007 ዓ.ም. በ42 ቀበሌዎች የራስ አስተዳደር ፈቀደ። በዚህ ያልተስማሙት ግን ሌሎች ቀበሌዎችም እንዲጨመሩ ጠየቁ፤ ጠቡ ከረረ፤ በጭልጋና በአይከል ዙሪያ ደም ፈሰሰ፤ የቅማንትም የአማራም ቤት ተቃጠለ። አብረው ገበያ የዋሉ፣ ተጋብተው የወለዱ ሰዎች ነበሩ። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰባቱ በነበረው አስተዳደር መቆየትን መረጡ፣ አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር ገባ።