የሚንቀሳቀስ መንገድ

ወንዝና ተራራ ከስፍራቸው ስለማይነሡ፣ መንገዱን አንድ ጊዜ ያወቀ መልእክተኛ ሁለተኛ አይስተውም። መንገዱ ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር ቢሆንስ? በመኪናና በሰው እጅ የሚዞሩ ራዲዮኖች፣ ያለ ሽቦና ያለ ማዕከል፣ አንዱ የሌላውን መልእክት እየተቀበለ እንዲያሻግር ለማድረግ የደከሙት ሊቃውንት የገጠማቸው ጥያቄ ይህ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 ዓ.ም. በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው በደሴቶች መካከል የኮምፒዩተር መልእክት በራዲዮ ማስተላለፍ ጀመሩ። ነገር ግን ሁሉም በቀጥታ ከአንድ ማዕከል ጋር ይነጋገር ስለ ነበር፣ መንገድ መምረጥ አላስፈለገም። ችግሩ የመጣው በ1973 ዓ.ም. የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት በሮበርት ካን አሳቢነት የፓኬት ራዲዮን ሥራ በጀመረ ጊዜ ነው፤ በጦር ሜዳ የሚንቀሳቀስ ሠራዊት ሽቦ እየጎተተ ሊሄድ አይችልምና። ኦገስት 27 ቀን 1976 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ፣ ከአንድ መሸታ ቤት ደጃፍ ከቆመ መኪና የተላከ መልእክት በራዲዮ ተጉዞ፣ በሽቦ ወደ ተያያዘው ወደ አርፓኔት ተሻገረ። በኋላም እያንዳንዱ ራዲዮን የሚያውቀውን መንገድ በየ7.5 ሰከንዱ ለጎረቤቶቹ ያስታውቅ ጀመር።

ይሁን እንጂ ያረጀ ወሬ አሳሳች ነው። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ራዲዮኖች በተርታ ቆመዋል እንበል። ሐ ርቆ ሄዶ ከለ ጋር ተቆራረጠ። ሀ ግን ይህን ሳይሰማ «ወደ ሐ የሚያደርስ መንገድ አለኝ» ቢል፣ ለ አምኖ መልእክቱን ለሀ ይሰጣል፤ ሀ የሚያውቀው መንገድ ደግሞ በለ በኩል የሚያልፈው ነው። ስለዚህ መልእክቱ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይቀራል። በ1994 ዓ.ም. ቻርልስ ፐርኪንስና ፕራቪን ባግዋት መድኃኒቱን አሳተሙ፤ ይኸውም ተቀባዩ ራዲዮን ራሱ ስለ መንገዱ በሚያወጣው ወሬ ላይ በየጊዜው የሚያድግ ቁጥር እንዲጽፍ ነው። ቁጥሩ ያነሰ ወሬ አርጅቷልና አይታመንም።

ቢሆንም ሳያቋርጡ ማስታወቅ ባትሪ ይጨርሳል፤ አየሩንም ያጨናንቃል። ስለዚህ ዴቪድ ጆንሰንና ዴቪድ ማልትዝ በ1996 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ራዲዮኑ የሚልከው ነገር ሲኖረው ብቻ መንገድ ይጠይቅ አሉ። ይህም ዋጋ አለው፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያው መልእክት ቆሞ ይጠብቃል። በ1999 ዓ.ም. ፐርኪንስና ኤልዛቤት ሮየር ይህን አጠያየቅ ከቁጥሩ ዘዴ ጋር አጣመሩት። በ2003 ዓ.ም. ሲፈለግ ብቻ የሚጠይቀውም፣ መንገዱን ሁሉ አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚጠብቀውም ደንብ ለሙከራ ታትመው ወጡ።

ከሁለቱ አንዱ ሌላውን አላሸነፈም፤ ምርጫው እንደ ጉዞው ፍጥነትና እንደ መልእክቱ ብዛት ነውና። ለእኛ ለተማሪዎች ግን ከዚህ ታሪክ የሚቀር ትምህርት አለ፤ ትናንት እውነት የነበረ ዕውቀት ካልታደሰ፣ አምኖ የተከተለውን ሰው ያሳስታል።